ክፍያው ከተከፈለ በኋላ ለምን እንሰጣለን? ከአዳማ የተነሣ ውይይት

የመነሻው ጽሑፍ

ክፍያው ከተከፈለ በኋላ ለምን እንሰጣለን የሚለውን ጥያቄ ለቀድሞ ተማሪዎችና ለወላጆች በጽሑፍ ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ አስቀድሜ የራሴን ላስቀምጥ። የተማርኩት አዳማ ውስጥ፣ ነዋሪው የሕዝብ ትምህርት ቤት ብሎ በሚጠራው ዓይነት ተቋም ነው። የመንግሥት አይደለም፤ ትርፍ የሚጠብቅ ባለቤትም የለውም። ወላጆች የመረጡት ቦርድ ያስተዳድረዋል፤ ወጪውም የሚሸፈነው ወላጆች በየወሩ በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ ከመምህራን ደመወዝ፣ ከዘበኛና ከጽዳት ሠራተኛ፣ ከመብራትና ከውኃ አልፎ ጣራ ለመቀየር ወይም ቤተ ሙከራ ለማደራጀት አይተርፍም። መንግሥት ሕንፃ አይሠራለትም፤ ካፒታል አውጥቶ የሚያስፋፋው ነጋዴም ከጀርባው የለም። ስለዚህ ከክፍያው በላይ የሚሰጥ ሰው ከሌለ ባለበት ይቆማል፤ ባለበት መቆም ደግሞ ለትምህርት ቤት ማርጀት ነው።

ጉዳዩን ያጣደፈብን የፈተናው ውጤት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ የእያንዳንዳችን ትምህርት ቤት ጉድለት ፊታችን ላይ መጣ። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ለትውልድ በሚል ስያሜ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ጥሪ አቀረበ፤ የእኛም የቀድሞ ተማሪዎች ኮሚቴ ቤተ ሙከራውን ለማደራጀት ተነሣ። መዝገባችንን ሳገላብጥ ግን አንድ ነገር አስገረመኝ። ደጋግመው የሚሰጡት ሀብታሞቹ አይደሉም፤ ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ የነበሩትም አይደሉም። ወላጅ ክፍያውን ከከፈለ፣ ተማሪውም ካርዱን ተቀብሎ ከወጣ፣ ሒሳቡ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ታዲያ ሰውን ደግሞ እጁን የሚያስዘረጋው ምንድን ነው? መዝገቡ ቢያስገርመኝም፣ የእኔ ግምት ጥሩ ትምህርት አግኝቶ የተሳካለት ሰው ውለታ ይመልሳል የሚል ነበር። ለትምህርት ቤት የሚሰጥ ገንዘብ ከግብር እንደሚቀነስም እግረ መንገዴን ጽፌ ነበር፤ እሱን ወዲያው አረሙኝ።

ከዚህ በታች ምላሾቹን በየተራቸው በራሴ አነጋገር አሰፍራለሁ፤ የማንንም ስም አልጠቅስም።

1ኛ ምላሽ። ሁለት ልጆች የሚያስተምሩ እናት ናቸው። ሰላምታ አስቀድመው፣ የወር ክፍያው ለልጃቸው እንደሆነ፣ ተጨማሪው ግን ከልጃቸው አጠገብ ለሚቀመጠው ልጅ እንደሆነ ጻፉ። ምክንያታቸውን ያብራሩት በምግባር ቃላት ሳይሆን እንደ አንድ ጥንቁቅ የቤት እመቤት ሒሳብ ነው። የአጠገቡ ልጅ መጽሐፍ ከሌለው የእሳቸው ልጅ መጽሐፍ ለሁለት ይገለጣል፤ የአጠገቡ ልጅ ካልገባው መምህሩ ያንኑ ትምህርት መድገሙ አይቀርም፤ የአጠገቡ ልጅ ሳይበላ ከመጣ የእሳቸው ልጅ ምሳ ዕቃ ባዶውን ይመለሳል። ለአንዱ ልጅ ብቻ መክፈል የሚቻል ይመስላል እንጂ በእውነቱ እንደማይቻል፣ ይህንንም የተረዱት ምሳ ዕቃ ሲያጥቡ እንደሆነ ገለጹ።

2ኛ ምላሽ። ከ1ኛዋ ጋር እንደሚስማማና ለሠሩት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን የሚል አጭር ምስጋና ነበር።

3ኛ ምላሽ። በጅቡቲ መስመር ጭነት የሚያመላልሱ ሾፌር ናቸው፤ የውይይቱም ድምፅ የከረረው ከዚህ ጀምሮ ነው። በነሐሴ ምዝገባ ከፈሉ፣ ዩኒፎርም ገዙ፣ መጽሐፍ ገዙ፤ መስከረም ሳያልቅ ደግሞ ከልጃቸው ደብተር ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ ወረቀት አገኙ። ወረቀቱ ድጋፍ ይላል፤ ከሥሩ ግን መጠኑ ተጽፎበታል። በማግሥቱ ጠዋት መምህሯ ገንዘቡን ያመጣና ያላመጣ ብላ ክፍሉን ለይታ ጠየቀች። እሳቸው ገንዘቡን ልከዋል፤ ነገር ግን እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ቅጣት እንደከፈሉት ጻፉ። መጠኑን ሌላ ሰው የወሰነው፣ ልጅን መያዣ አድርጎ የሚጠየቅ ነገር ስሙ ክፍያ እንደሆነና ክፍያ መጨመር የፈለገ ቦርድ ወላጆችን ሰብስቦ በግልጽ እንዲጠይቅ አሳሰቡ። ትክክል ናቸው። ኮሚቴያችን ያንን ወረቀት ባይልከውም፣ እንዲህ ያለ ወረቀት በወጣበት ትምህርት ቤት የእኛም ጥሪ በዚያው ዓይን እንደሚታይ ያስተዋልኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

4ኛ ምላሽ። የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። የ3ኛውን ሐሳብ ደግፈው እኔን አረሙኝ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ ስጦታ በተቀናሽነት የሚያዘው የንግድ ሥራ ገቢ ላለው ግብር ከፋይ ነው፤ እሱም ቢሆን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ደመወዝተኛ ከደመወዙ ግብር ላይ በዚህ ምክንያት የሚቀነስለት ነገር የለም። ተቀባዩ ደግሞ በጎ አድራጎት ሆኖ በሕግ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ትምህርት ቤት ስለሆነ ብቻ አይበቃም። የወር ክፍያና ስጦታ በአንድ የደረሰኝ ጥራዝ ከተቆረጡ ኦዲተር ሊለያቸው እንደማይችል፣ ኦዲተር ያልለየውን ወላጅም እንደማይለየው አስገነዘቡ። ስሕተቴን ተቀብዬ ከመነሻው ጽሑፍ ሥር ማረሚያ አስቀመጥኩ።

5ኛ ምላሽ። አባታቸው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሠሩ፣ ዛሬ አሜሪካ የሚኖሩ ሰው ናቸው። እዚያ ከመንግሥት ነፃ የሆኑ፣ ለትርፍ ያልቆሙ ትምህርት ቤቶች ብዙ ዘመን ያስቆጠሩ መሆናቸውን፣ ለአብነትም በማሳቹሴትስ የሚገኘው ፊሊፕስ አካዳሚ የተመሠረተው በፈረንጆች 1778 መሆኑን አስታወሱ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ክፍያው ከባድ ሆኖ ሳለ እንኳ አንድን ተማሪ ለማስተማር የሚወጣውን ሙሉ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ጉድለቱ በየዓመቱ ከቤተሰብና ከቀድሞ ተማሪዎች በሚሰበሰብ ገንዘብ፣ እንዲሁም ዋናው ሳይነካ ፍሬው ብቻ ሥራ ላይ በሚውል የተቀማጭ ሀብት ይሞላል። ስልክ የሚደውለው ቢሮው ሳይሆን አብሮ የተማረ የክፍል ጓደኛ ነው። ከገንዘቡ መጠን እኩል የሚቆጠረው ደግሞ ከወላጆች ስንት በመቶው ሰጠ የሚለው ሲሆን፣ ከውጭ የሚረዳ ድርጅት መጀመሪያ የሚጠይቀው ቤተሰቦቹ ራሳቸው በትምህርት ቤታቸው ያምኑ እንደሆነ ነው። ጸሐፊው የራሳቸው ልጅ በሚማርበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ ጥቂት ዶላር እንደሚሰጡ፣ አዳማ ለተማሩበት ግን እስካሁን ሰጥተው እንደማያውቁ፣ ምክንያቱም የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ እንደሆነ ጻፉ። ይህን ሳነብ ከመዝገባችን የስንቱ ሰው ስልክ እንደጎደለ አሰብኩ።

6ኛ ምላሽ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሌሎቹም ከዚህ በኋላ መምህር እያሉ ይጠሯቸዋል። ከአሜሪካ ተሞክሮ በፊት የራሳችንን እንድናይ ጠየቁ። እሳቸው ወደ ዘመናዊ ትምህርት የገቡት ከቆሎ ትምህርት ቤት ወጥተው ነው። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ፣ አኩፋዳው ውስጥ ቁራሽ የምትጥለው ሴት የእሳቸውን ስም አታውቅም፤ የማን ልጅ እንደሆኑና ከየት እንደመጡም አትጠይቅም። የእሷ ልጅ ከብት ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ውሻዋ ያባርራቸዋል፤ እሷ ውሻውን ትገሥጽና ቁራሹን ትሰጣለች። ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል መሪጌታ የሆነው ሰው ወደዚያች ሴት ደጅ ተመልሶ ውለታ አልከፈለም፤ ደጇን ቢፈልግም አያገኘውም። ወንበር ዘርግቶ ከእሱ በኋላ ለመጣው ተማሪ አስተማረ። በመምህሩ አስተያየት የእኛ ሰው ለትምህርት መስጠትን ከማንም አልተማረም። የጎደለን ያንን ልማድ ደረሰኝ፣ ቦርድና የባንክ ሒሳብ ካለው ትምህርት ቤት ጋር ማገናኘት ነው፤ አኩፋዳው ግልጽ ነበርና፣ ቁራሹ የት እንደሚገባ ሴትዮዋ በዓይኗ ታየው ነበር።

7ኛና 8ኛ ምላሽ። መምህሩ ከተማውን በቀድሞ ስሙ ናዝሬት ብለው ስለጻፉ አንድ ሰው በቁጣ አረሟቸው፤ ሌላው ደግሞ የሚያውቁትን ስም መጥራት ንቀት እንዳልሆነ መለሰ። ሁለቱም ወደ ጥያቄው እንዲመለሱ ለመንኩ፤ ተመለሱም።

9ኛ ምላሽ። ረጅሙና ለእኔም ከባዱ ይህ ነው። ጸሐፊው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተማሩ፣ ዛሬ በግንባታ ሥራ ኑሯቸው የተቃና ሰው ናቸው። በጣም ጥሩ ውጤት አምጥተው ዩኒቨርሲቲ እንደገቡ፣ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሯቸውን መምህራን እስከ ዛሬ በጸሎታቸው እንደሚያስቡ ገልጸው፣ ለትምህርት ቤቱ ግን አንድ ብር እንዳልሰጡና ለመስጠትም እንደማያስቡ ጻፉ።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ሰልፉ ሳይበተን ምክትል ርእሰ መምህሩ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ክፍያ ያላጠናቀቁ ተማሪዎች ስም ይነበባል፤ የተጠራ ከሰልፍ ወጥቶ በግራ በኩል ይቆማል። ጥር ነበር፤ የአዳማን የጥር ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አቧራው ከሜዳው ተነሥቶ ዓይን ያስጨፍናል። የእሳቸው ስም ሲጠራ በአቧራው አሳብበው ዓይናቸውን እያሹ ወጡ። የቦርሳቸው ማንገቻ ተበጥሶ እናታቸው በጆንያ መስፊያ ክር ሰፍተውት ነበርና፣ ክሩ እንዳይታይ ቦርሳውን በደረታቸው አቅፈው ቆሙ። ዘበኛው በሩን ሲከፍቱላቸው ቀና ብለው አላዩዋቸውም። እናታቸው ፍራንኮ አካባቢ እንጀራ ይሸጡ ስለነበር ወደ ቤት ቢመለሱ እንዳያዝኑ ብለው ቀኑን በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። አራት ቀን እንዲያ አሳለፉ። ዛሬ ከኮሚቴው የእርዳታ ጥሪ በደረሳቸው ቁጥር የሚታያቸው ቤተ ሙከራው ሳይሆን ያ ወረቀት ነው።

የመነሻው ጽሑፌ ግምት እዚህ ላይ ፈረሰ። ጥሩ ትምህርት ያገኘና የተሳካለት ሰው ይሰጣል ብዬ ነበር፤ ሁለቱንም ያገኙት ሰው አይሰጡም።

10ኛ ምላሽ። ከ9ኛው ጋር በአንድ ክፍል የተማሩ ሴት ናቸው። ወንድሜ ብለው ጀምረው፣ በዚያ ጠዋት በዚያው ሰልፍ ላይ እንደነበሩ ጻፉላቸው። አባታቸው በዚያ ዓመት መስከረም ላይ አርፈዋል፤ የእሳቸውም ክፍያ ከጥቅምት ጀምሮ አልተከፈለም። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ስማቸው እስኪጠራ እየጠበቁ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አልተጠራም። በሚቀጥለው ሰኞም፣ ከዚያ በኋላም አልተጠራም። ሰኔ ላይ ካርድ ለመውሰድ ሲሄዱ፣ ዕዳ ያለበት ተማሪ ካርድ እንደማይሰጠው ያውቃሉና፣ ወደ ገንዘብ ያዧ መስኮት ቀርበው አለመክፈላቸውን ራሳቸው ተናገሩ። ገንዘብ ያዧ የደረሰኝ ጥራዙን አውጥተው ገለጡላቸው። በሰማያዊ ካርቦን የተገለበጠው ቅጂ ላይ የእሳቸው ስም አለ፤ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ተከፍሏል ይላል፤ ከፋይ በሚለው ቦታ ላይ ግን አንድ ሰረዝ ብቻ ተሰምሯል። ማን እንደከፈለ ሲጠይቁ ገንዘብ ያዧ ጥራዙን ዘግተው ካርዳቸውን ሰጧቸውና ቀጣዩን ተማሪ ጠሩ።

ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰጡት ለዚያ ሰረዝ እንደሆነ ጻፉ። መዝገባችንን አየሁት፤ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ነው የሚሰጡት፣ እስከ ዛሬ ለምን በሰኔ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። በመጨረሻም ያን ሰኞ 9ኛው ጸሐፊ ከሰልፍ ሲወጡ እሳቸው የእኔ አልተጠራም ብለው በልባቸው እንደተደሰቱ፣ ያ ደስታ እስከ ዛሬ እንደሚያሳፍራቸው ገልጸው ይቅርታ ጠየቋቸው።

11ኛ ምላሽ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነበር። 9ኛውን የበሉበትን ወጪት ሰባሪ በማለት፣ ለአራት ቀን ውርደት ብሎ የአሥር ዓመት ትምህርትን የሚክድ ሰው ምስጋና ቢስ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱም ክፍያ ካልሰበሰበ ለመምህራኑ ከምን ሊከፍል እንደሚችል እየጠየቀ ጻፈ።

12ኛ ምላሽ። 3ኛው ሾፌር ተመልሰው መጡ። ክፍያ መጠየቅ የትምህርት ቤት መብት እንደሆነ፣ ነገር ግን ባለዕዳው ወላጅ ሆኖ ሳለ ልጁን በሰልፍ ፊት ማቆም መብት እንዳልሆነ፣ ውለታና በደል ደግሞ እየተቀናነሱ የሚጣፉ ሒሳቦች እንዳልሆኑ መለሱ። የ11ኛውን ጸሐፊ ቃሉን እንዲያለዝብ ጠየቅሁት፤ ወጪት ሰባሪ የሚለውን አወጣ፣ አቋሙን ግን አልለወጠም። ስለ መምህራን ደመወዝ ያነሣውን ነጥብ ማንም በበቂ እንዳልመለሰለትም መመስከር አለብኝ።

13ኛ ምላሽ። መምህሩ ስለ ሰረዙ ጻፉ። እሳቸው በሠሩባቸው ትምህርት ቤቶች መምህራን ደመወዝ በሚቀበሉበት ቀን ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ክፍያ ያቃታቸውን ልጆች የሚሸፍኑበት ጊዜ እንደነበረ፣ በዚህኛውም እንዲሁ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። ሌላ ሰው ከበሩ ፊት ለፊት ደብተርና እስክርቢቶ ይሸጡ የነበሩት ባለሱቅ እንደሚሆኑ ተናገረ። ሦስተኛ ሰው ደግሞ ገንዘብ ያዧ ራሳቸው ከደመወዛቸው ከፍለው ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረ። ገንዘብ ያዧ በሕይወት የሉም፤ ነገሩም አልታወቀም።

14ኛ ምላሽ። አንድ ነጋዴ የቤተ ሙከራውን ማይክሮስኮፖችና ጠረጴዛዎች በሙሉ ለመግዛት ዝግጁ እንደሆኑ፣ ነገር ግን በበሩ ላይ የሟች እናታቸው ስም እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ገለጹ። በተከታዩ ምላሽ አንዲት ወጣት መስጠት እንደ ሰረዙ በስውር መሆን እንዳለበት፣ ስም የሚፈልግ ስጦታ ማስታወቂያ እንደሆነ ተቃወመች። እኔ ከነጋዴው ጋር ነኝ። ልጇን ሳትማር ያስተማረች እናት ስሟ በአንድ የትምህርት ቤት በር ላይ ቢጻፍ የሚቀንስብን ነገር የለም፤ ስሙን የደበቀም፣ ስም የጻፈም በአንድ ቤት ውስጥ ይቻላሉ። በስውር መሰጠት የሚገባው ለልጅ የሚደረገው ነው፤ ጠረጴዛ አያፍርም።

16ኛ ምላሽ። የሒሳብ ባለሙያው ተመልሰው በ5ኛው ላይ ስለተነሣው ተቀማጭ ሀብት ጻፉ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ የዕቃ ዋጋ ከዚያ እጅግ በፈጠነባቸው ዓመታት በባንክ የተቀመጠ ብር ዋናው ሳይነካ ዋጋው ያልቃል። እሳቸው የሚመክሩት አብያተ ክርስቲያናት እንደሚያደርጉት በአጥሩ ዙሪያ ሱቅ ሠርቶ ማከራየትን ነው፤ ኪራይ ከገበያው ጋር ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን ለስጦታ የተለየ የባንክ ሒሳብ በሦስት ፊርማ እንዲከፈት፣ የገባውና የወጣው በየመንፈቀ ዓመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ፣ የልጆች ስም ግን በየትኛውም ሰሌዳ ላይ እንዳይለጠፍ አሳሰቡ። ኮሚቴው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በዚሁ ሳምንት ተቀብሏቸዋል።

17ኛ ምላሽ። 9ኛው ጸሐፊ ተመለሱ። 11ኛውን አልመለሱለትም። ለክፍል ጓደኛቸው ብቻ፣ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር እንደሌለ፣ ሰልፉ ላይ የነበረ ልጅ ሁሉ የራሱን ስም እንደሚጠብቅ ጻፉላቸው። ቀጥለውም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ለቤተ ሙከራው አይሰጡም፤ ነገር ግን ዛሬም ስም የሚነበብ እንደሆነ አጣርቼ እንድነግራቸው፣ የማይነበብ ከሆነ የሁለት ልጆችን ክፍያ እስከ 12ኛ ክፍል እንደሚሸፍኑ፣ የልጆቹን ስም ማወቅ እንደማይፈልጉና ደረሰኙ ላይ ሰረዝ እንዲደረግ ገለጹ።

18ኛ ምላሽ። ይህ የእኔ ነው። ማክሰኞ ዕለት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ቢሮውን ጠየቅሁ። በሰልፍ ላይ ስም ማንበብ ከቆመ ዓመታት አልፈውታል። ነገር ግን ክፍያ የዘገየበት ተማሪ ዛሬ ከክፍል ተጠርቶ ወደ ሒሳብ ክፍል ይላካል፤ እኔ ቢሮው ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ እንኳ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በእጇ ቁራጭ ወረቀት ይዛ ገብታ፣ መስኮቱ ስለሚረዝምባት በጣቷ ጫፍ ቆማ ወረቀቱን አቀበለች። ማስታወቂያው ለወላጅ በስልክ እንዲደርስ ለቦርዱ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ቦርዱ የሚሰበሰበው በወሩ መጨረሻ ነው። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለ9ኛው ጸሐፊ ጻፍኩላቸው። ማንበባቸው ይታያል፤ እስካሁን ግን አልመለሱልኝም።